ፊታውራሪ ያሳዩኝ ስንዝር

ኅዳር 7 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ ንፋስ መውጫ

…ሆዷን ለመሬት ሰጥታ፣ አይጥ እንዳየች ድመት፣ ድምፅ ሳታሰማ በካቴድራሉ በኩል ታጥፋ ስትመጣ። ጥቁር መኪና ነበረች። ባለቤቷ አንድ ክንዱን በመስኮት አውጥቷል። አስመራ፣ ጋራዡ በር ላይ፤ እኔ በእጄ የዘይት ጨርቅ ይዤ አፌን ከፍቼ ቆሜአለሁ። ሃያ ዓመት አልሞላኝም። መምህሬ ጣሊያኑ ከኋላዬ መጥቶ አንድ ነገር አለኝ። ስለ መኪናዋ ነው። እየሳቀ ነው ያለው። ጎማ የሚል ቃል ነበረበት። ከዚያ በኋላ ያለው…

ጠፋኝ። ለምን እንዳስታወስኩትም አላውቅም። ደብተሩን የገዛሁት ስለዚያ ልጽፍበት አይደለም።

የገዛሁት ስለዚህ ነው፦ ዛሬ የፊታውራሪን ፔጆ ሳጥብ የፊተኛውን ግራ ጎማ በውስጥ በኩል ዳሰስኩት። ጥርስ የለውም። በውጭ በኩል ገና አዲስ ነው፤ በውስጥ በኩል እንደ ሕፃን ድድ ልስልስ ብሏል። ቀኙም እንደዚያው። ጎማዎቹ የመጡት መስከረም ላይ ነው፤ የሚቀጥለው መስከረም እስኪመጣ ሌላ የለም ተብሎ።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ምክንያቱ እኔ ነኝ። ማለቴ፣ ፊታውራሪ ናቸው። የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት።

ኅዳር 8

በሥርዓት ልጻፈው፤ አንድ ቀን ብጠየቅ እንዳልደናበር።

እኔ ደምሌ፣ የፊታውራሪ ጣሰው ሾፌር ነኝ። ፊታውራሪ ይህን አገር ይገዛሉ፤ ግራ ጉልበታቸውን ግን አይገዙትም። በጣሊያን ጊዜ ጥይት መትቶት አይታጠፍም። ቁመታቸውም ያው አጠር ይላል፤ ተቀምጠው ሲፈርዱ ትልቅ ሰው ናቸው። መኪናዋ ደግሞ ለገጠር መንገድ ተብላ ከፍ ተደርጋ የተሠራች ናት። የመስቀል ዕለት ደመራው ፊት ሊወርዱ ሲሉ አንድ እግራቸው መሬት ሳይደርስ፣ አንዱ ከመኪናዋ ሳይወጣ ተንጠለጠሉ። ሁለት ሎሌዎች እንደ ጠቦት አንሥተው አወረዷቸው። ሕዝቡ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻል ነበር።

ያን ዕለት ማታ ብቻዬን አስጠሩኝ። «ደምሌ፣ ለዚህች እግሬ አንድ ነገር አድርግልኝ። ማንም አይወቅ» አሉ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው ከመሬቱ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው አሳዩኝ። ይህን ያህል፣ ማለታቸው ነው።

መኪናዋን ዝቅ አድርግ ብለው ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

መኪናዋን ከሚሸከሙት ድርብርብ ብረቶች፣ ከእያንዳንዱ ባሌስትራ ሁለት ሁለት ምላስ አወጣሁ። አራት ጣት ወረደች። ስትወርድ ሆዷን ለመሬት ሰጥታ እንዴት እንዳማረባት…

ለፊታውራሪ ተስማማቻቸው። በማግስቱ ማንም ሳይነካቸው ወረዱ።

ግን መኪና ዝቅ ስትል ጎማዎቿ እንደ ተጫነች አህያ እግር ይበረገዳሉ። አናታቸው ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ አፍንጫቸው ወደ ውጭ ያያል። ጎማው አይንከባለልም፤ እየተንከባለለ ይጎተታል። እየተጎተተ ይላጣል። ይህን አውቅ ነበር። የማያውቅ መካኒክ የለም።

ኅዳር 12

ችኮላ ላይ ነኝ። አቶ ወርቁ ጎማውን አየው። የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ነው፤ ያየውን ሁሉ ይጽፋል፣ ያላየውን ደግሞ በደንብ ይጽፋል።

«ሾፌር፣ እነዚህ የመስከረሞቹ ናቸው?»

«ናቸው።»

«እኔ መስከረም ላይ የገዛሁት ጫማ ገና ሶሉ አልተነካም።»

«አንተ ምን ትሄዳለህ፤ ተቀምጠህ አይደል የምትውል።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። አልነበረብኝም። ግን ፊቱን ብታዩት!

ኅዳር 16

ገበያ ውስጥ፣ ጨው ተራ፣ ከኋላዬ የሰማሁት፦

«የፊታውራሪ መኪና ትንበረከካለች አሉ።»

«ሂድ ወዲያ!»

«ጊዮርጊስን! ሲወጡም ጎንበስ፣ ሲወርዱም ጎንበስ። እንደ ግመል።»

«ፈረንጅ አስተምሯት ይሆናል።»

«ምን ፈረንጅ፤ ማን እንደ ሆኑ አውቃ ነው እንጂ።»

ወሬው ፊታውራሪ ጆሮ ደርሷል። «የምን ተረት ነው!» ብለው ተቆጡ። ዛሬ ግን ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ «ሰው በሚያይበት አቁማት» አሉኝ። በመስታወቱ አየኋቸው፤ ጢማቸው ሥር ፈገግታ ነበር።

እንግዲህ ምላሶቹን ልመልስ ብል እንኳ አይፈቅዱም። አልጠየቅኋቸውም፤ ግን አይፈቅዱም።

ኅዳር 19

አናጢው ንጉሴ መንገድ ላይ አስቆመኝ።

«አንተ ሰው፣ ሳንቃህ እኔ ዘንድ ሊበሰብስ ነው።»

«የምን ሳንቃ?»

«የፊታውራሪ ነዋ! ከመስቀል ማግስት ላኩብኝ። ስንዝር ከፍታ ያላት እግር መርገጫ ሥራ፣ ልኩን ሾፌሩ መጥቶ ይነግርሃል አሉኝ። ይኸው እጠብቅሃለሁ።»

«ለሌላ ነገር ይሆናል። ለጸሎት ቤታቸው።»

«በመርገጫ ማን ይጸልያል?»

አናጢ ወሬ ይወዳል። ለቤታቸው ደጃፍ ያዘዙት ይሆናል፤ ደጃፋቸው ከፍ ያለ ነው።

ከመኝታ በፊት፦ ከፍ ያለ አይደለም። ዛሬ ሳልፍ አይቼዋለሁ። ቢሆንም ሰው ለቤቱ ምን እንደሚያዝ እኔ ምን አግብቶኝ።

ኅዳር 23

አቶ ወርቁ ለደብረ ታቦር ጽፏል። ጽሑፉን ያነበበልኝ ራሱ ነው፣ ቀስ እያለ፣ ነጥቡን ሁሉ እያነበበ። «ሾፌሩ አዲሶቹን የመንግሥት ጎማዎች ሸጦ አሮጌ ሳይለውጥ እንዳልቀረ…» ለጥምቀት መርማሪ ይመጣል።

አስበዋለሁ። ጎማዎቹ እስከዚያ ጨርሰው ከተላጡ ሌባ ነኝ፤ ደብረ ታቦር ወኅኒ ቤት እገባለሁ። እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ የፊታውራሪ ጉልበት በጽሕፈት ቤት ፋይል ይገባል፤ ማንም አይወቅ ያሉኝ ሰው በአገር ሁሉ ይሳቅባቸዋል። ሁለት መልስ ነው ያለኝ። ሦስተኛ የለም።

ጎማዎቹን ማዳን አለብኝ። ምላሶቹን ሳልመልስ። አፍንጫቸውን ብቻ ባቀና ግማሹ ይድናል። ጣሊያኑ መምህሬ ይህን ሥራ «ኮንቨርጀንሳ» ይለው ነበር፤ በአራት ችካልና በአንድ ገመድ ይሠራል። ከጎማዎቹ ጎን ገመድ ወጥረህ፣ ከገመዱ እስከ ቸርኬው ጠርዝ ያለውን ከፊትም ከኋላም ትለካለህ። ቀላል ነው። ደልዳላ መሬት ብቻ ይፈልጋል።

በጋይንት ደልዳላ መሬት! እዚህ አገር ሜዳ የሚባለው ገደል ያልሆነው ነው። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ዞርኩ። እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ነገር ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፤ የአያ አያሌው አውድማ። በቅርቡ በእበት ተለቅልቆ ደርቋል። ገብሱ ገና ክምር ላይ ነው።

ኅዳር 25

አያ አያሌውን አስፈቀድኩ። ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ከመናገራቸው በፊት መሬት መሬት ያያሉ።

«አውድማ ላይ በጫማ አይገባም» አሉኝ።

«አወልቃለሁ፣ አያ።»

«መኪናይቱስ?»

ባለቤታቸው እትዬ ጌጤ ናቸው ያስታረቁን፤ «እግሯን አጥቤ አስገባታለሁ» አሉ።

ኅዳር 27 መድኃኔዓለም በዓል ስለሆነ ሰው ሥራ አይወጣም። አካባቢው ጭር ይላል። ብልህ ነኝ።

ኅዳር 27

ብልህ አይደለሁም።

በዓል ማለት ሰው የለም ማለት ሳይሆን ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቷል ማለት መሆኑን መርሳቴን ገበሬ አባቴ ቢሰማ ያፍርብኝ ነበር።

ጠዋት እትዬ ጌጤ አራቱንም ጎማ በእንስራ ውሃ አጠቡ፤ የእንግዳ እግር እንደሚታጠብ፣ ጎንበስ ብለው፣ በቁም ነገር። መኪናዋን አስገባሁ። ጫማዬን አወለቅሁ። ልቅላቂው እንዳይሰነጠቅ ከአውድማው ጠርዝ ውጭ አራት ችካል ተከልኩ። ከሸማኔ የገዛሁትን ነጭ ገመድ ወጠርኩ። በደረቴ ተኝቼ በአንድ ዓይኔ ገመዱን ሳይ፣ ቅዳሴ ወጣ።

መጀመሪያ ከጋራው ላይ የሴት ድምፅ ነው የሰማሁት። «ኧረ ቀላድ! ኧረ ቀላድ ጣሉብን!»

ገመድ፣ ችካል፣ የገዥው መኪና። ዘንድሮ ደግሞ መሬት በገመድ እየተለካ አዲስ ግብር ሊጣል ነው የሚል ወሬ ከሸበል እስከ ጉና ይነፍሳል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ገመዱን ስገዛ ሸማኔው ራሱ «ለምንህ ነው?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል።

ቀና ስል ሠላሳ የሚሆን ሰው ከቦኛል። ነጭ ለብሰዋል። ግማሾቹ ዱላ ይዘዋል፤ ሦስቱ ምንሽር። እኔ በባዶ እግሬ።

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም።»

«ማንም ካላዘዘህ ገመዱን ምን ወጠረው?»

«ጎማ ልለካ ነው።»

«ጎማ! ስንት ጋሻ ወጣው ጎማው?»

ሳቁ። ሳቃቸው አላጽናናኝም፤ ምንሽሩን የያዙት አልሳቁም።

«ጎማውን እያስመሰለ መሬቱን ሊጽፍ ነው» አለ አንዱ። «ገመዱ አውድማውን ነው የሚያየው እንጂ ጎማውን አይደለም።»

አያ አያሌው ነጠላቸውን ለእትዬ ጌጤ ሰጡ። በባዶ እግራቸው ገብተው መኪናዋ ሥር ተንበረከኩ፤ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። ቆዩ። ሲወጡ እጃቸው ጠቁሯል።

«ይህ በሬ ቆስሏል» አሉ።

የጠቆረ እጃቸውን ለሁሉም አሳዩ።

«ቀንበሩ ተጣሞበታል። በአንድ ወገን አንገቱ ተልጧል። ልጁ ቀንበር እያቀና ነው። ያላመነ መጥቶ ይዳስስ።»

ሠላሳ ሰው ተሰልፎ አንድ በአንድ ጎማ ዳሰሰ። መስቀል እንደሚሳለም። ጎንበስ፣ ዳሰስ፣ ቀና። ከመምሬ ዳኛቸው ጀምሮ፣ ቀዳሹ ራሳቸው፣ ካባቸውን ሰብስበው። ልስቅ ነበር፤ ምንሽሩን አይቼ ተውኩት።

ከዚያ አያ አያሌው ወደ እኔ ዞሩ። «መኪናይቱን ማን አጎበጣት?»

«መንገዱ» አልኩ።

«መንገዱ። ከፊትም ከኋላም እኩል አድርጎ?»

መሬት መሬት አዩ። ከዚያ በኋላ አልጠየቁኝም።

ፍርዱ ይህ ሆነ፦ ሥራው ይሠራ፤ ገመዱን ግን እኔ አልነካም። አንዱን ጫፍ መምሬ ዳኛቸው፣ አንዱን ጫፍ አያ አያሌው ያዙ። እኔ ከመሃል እየተሳብኩ ለካሁ። ከፊት ጠርዝ እስከ ገመዱ አንድ ጣት፤ ከኋላ ጠርዝ እስከ ገመዱ ሁለት ጣት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው። አፍንጫዋ በግልጽ ወደ ውጭ ነው። የመሪውን ዘንግ ብሎን ፈትቼ ሩብ ዙር፣ እንደገና ሩብ ዙር አዞርኩ። ለመጨረሻው ልክ ጣት ይወፍራል፤ እትዬ ጌጤ ከሚሰፉት ሙዳይ አንድ ስንደዶ መዝዘው ሰጡኝ። አፍንጫዋን ወደ ውስጥ የስንደዶ ውፍረት ያህል አስገባሁና አሠርኩ።

«ቀጥ አለ?» አሉ መምሬ፣ ክንዳቸው ዝሎ።

«ቀጥ አይደረግም፣ አባ። ቆማ ትንሽ ወደ ውስጥ ማየት አለባት። ስትሄድ ትቃናለች።»

«ያ የኔ ዲያቆንም እንዲያ ነው። ሲቆም ይጣመማል፤ ምሳ ሲባል ይቃናል።»

ስሄድ ገመዱን ከለከሉኝ። አያ አያሌው በአራት ቆርጠው ለአራት ሰው አከፋፈሉት፤ ማንም ብቻውን መሬት መለካት እንዳይችል። ችካሎቹን እዚያው አቃጠሏቸው።

ታኅሣሥ 3

ፊታውራሪን ደብረ ታቦር አድርሼ ተመለስኩ። ከመነሣቴ በፊት ጎማዎቹ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የኖራ መስመር አስምሬ ነበር። ጉና ሥር ስንደርስ ለሽንት ብዬ ወርጄ አየሁ፤ ኖራው በእኩል እየጠፋ ነው! በውስጥም በውጭም! ዘፈንኩ።

«ምን አገኘህ?» አሉ ፊታውራሪ በመስኮት።

«ንፋሱ ደስ ይላል፣ ጌታዬ።»

«ለሽንት?»

የተላጠው ግን አይመለስም። የጎማዎቹ አናትም ገና ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነው፤ ያን የሚያቃናው ምላሶቹን መመለስ ብቻ ነው። ምላሶቹ አልጋዬ ሥር ናቸው። ጠዋት ጠዋት ስነሣ በእግሬ አውራ ጣት እመታቸዋለሁ።

ታኅሣሥ 11

አቶ ወርቁ፦ «ቀላድ ጣልክ አሉ! ከሌብነት ወደ መሬት ልኬት አደግህ ማለት ነው።» ሰው ሰብስቦ ነው ያለው። መልስ ነበረኝ። ዋጥኩት።

ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል

ፊታውራሪ አስጠሩኝ። የአውድማውን ታሪክ ሊሰሙ መስሎኝ ነበር። ሰምተውታል። ጎማው ስንት ጋሻ እንደወጣው ጠይቀውኝ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው አለቀ።

«የመስቀል ዕለት ማታ ምን ነበር ያልኩህ፣ ደምሌ?»

«ለእግሬ አንድ ነገር አድርግልኝ፣ ብለውኝ ነበር።»

«ከዚያስ?»

መዳፌን ዘርግቼ ከመሬቱ ስንዝር ከፍ አድርጌ አሳየሁ። እጄን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። እኔም አየሁት። ስንዝር ነው። መኪናዋን ያወረድኳት አራት ጣት ነው፤ ከስንዝር ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይህን እስከ ዛሬ እንዴት…

«እንደዚያ ነበር» አሉ። «ሂድ።»

ታኅሣሥ 20

መኪናዋን ዝቅ አድርግ ብለው ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው።

ጥር 2

አስታወስኩት። ራዲያተር ውሃ ስሞላ፣ ድንገት። ጣሊያኑ እየሳቀ ያለኝ ይህ ነው፦ «አትቅና። ያቺ መኪና የምታምረው ላያት ነው፤ ጎማዋን ጠይቃት።»

ውሃው ፈስሶ ጫማዬ ራሰ።

ጥር 8

ዛሬ ምላሶቹን ልመልስ ወሰንኩ። ክሪኩን አወጣሁ። መፍቻውን አወጣሁ። ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ አየኋት፤ ፀሐይ ጎኗ ላይ ነበረች።

ብሎኖቹ ዝገዋል። ዘይትም አልነበረም። ነገ።

ጥር 9

ዘይት ነበር።

ጥር 12

ዛሬውኑ ልጨርሰው።

መርማሪው ለከተራ ገባ፤ ጥምቀትን በሰላም አከበረ። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሰበሰበን። ቀጭን ሰው ነው፤ ሱሪው እንዳይቆሽሽ መሀረብ አንጥፎ ተንበረከከና ጎማውን ዳሰሰ። አቶ ወርቁ ብዕሩን ቀለም ነክሮ ከኋላው ቆሟል። ከአጥሩ ውጭ ሰው ሞልቷል፤ አያ አያሌውንም አየኋቸው። አናጢው ንጉሴም ነበር። ፊታውራሪ ከመኪናዋ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሊሄዱ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጭነው።

«አዲሶቹን የት ሸጥካቸው?» አለ መርማሪው።

«አልሸጥኩም።»

«እንግዲህ በአራት ወር እንዲህ ያደረጋቸው ምንድን ነው?»

አፌን ከፈትኩ። ሁለት መልስ ነው ያለኝ ብዬ ጽፌ ነበር። ሦስተኛው፣ «እኔው ነኝ» የሚለው፣ ምላሴ ላይ ነበር። እውነቴን ነው፣ ምላሴ ላይ ነበር። ግን አቶ ወርቁ ብዕሩን አስጠግቶ ፊቴን ያያል፤ እኔም የእሱን ፊት አየሁ፤ ዘገየሁ።

«መኪናዋን ዝቅ አድርግ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

ፊታውራሪ ናቸው።

«ጎማውን የበላው ዝቅ ማለቷ ነው። ልጁ እንዲያውም አቅንቶ አድኖታል፤ ሠላሳ ምስክር አለው፤ ሁሉም ዳስሰዋል።»

«ለምን አዘዙ፣ ጌታዬ?» አለ መርማሪው።

«ጉልበቴ አይታጠፍም። አጭርም ነኝ።» ወደ አቶ ወርቁ ዞሩ። «ጻፍ እንጂ። አጭርም ነኝ፣ ብለህ ጻፍ። ጮክ ብለህ።»

አቶ ወርቁ ጻፈ። ጮክ ብሎም አነበበ። ከአጥሩ ውጭ ማንም አልሳቀም። እንደ መስቀሉ ዕለት ነበር፤ እንደ መስቀሉ ዕለትም አልነበረም።

«ዝቅ አድርግ ብዬ ያዘዝኩት» ያሉትን ዓረፍተ ነገር አውቀዋለሁ። እዚህ ደብተር ውስጥ አለ። ወደ ኋላ ገልጬ አየሁት፤ ቃሉ ቃል በቃል ነው፤ የሌላ ሰው አፍ ብቻ ነው የተጨመረበት።

መርማሪው መሀረቡን አራግፎ አጠፈ። ፊታውራሪ ተነሡ። ጎንበስ ብለው ከወንበራቸው ሥር አንድ ነገር ሳቡ፤ ነጭ፣ ገና የመላጊያው ምልክት ያልጠፋባት፣ ስንዝር ከፍታ ያላት መርገጫ። ሎሌው ሊቀበላቸው ሲል በክንዳቸው ገፉት። ራሳቸው ተሸክመው አመጧት። በዚያ ጉልበታቸው ጎንበስ ብለው ከመኪናዋ ደጃፍ አስቀመጧት፤ እንዳትወዛወዝ በመዳፋቸው ሞከሯት። መርገጫዋ ከጎበጠችው መኪና ወለል ጋር ልትስተካከል ጥቂት ነው የቀራት። ረገጧት። ቁመታቸው በዛ። የበሩ አናት ባርኔጣቸውን መትቶ ጣለው።

አነሣሁት። አቧራውን በእጅጌዬ ጠረግሁ፤ ከሚያስፈልገው በላይ ጠረግሁ። ተቀምጠዋል። ወደ ፊት ነው የሚያዩት።

«ጌታዬ፣ እኔ…»

ባርኔጣውን ከእጄ ወሰዱ። ጭናቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ማንም ሳይረዳቸው፣ በሩን ሳቡት።

ተዘጋ።